የነርሶች ቁጥርና የዲፕሎማ ነርሶች የሥራ ድርሻ በድሬዳዋና በሐረር፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በድሬዳዋም ሆነ በሐረር ዘመድ ያስተኛ ቤተሰብ፣ በዋርድ (በሕሙማን መኝታ ክፍል) ውስጥ የሚሠራ ነርስ፣ ልጁን ጤና ኮሌጅ ለማስገባት የሚያስብ ወላጅ የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ብዙ ቢመስሉም በሁለት ነገሮች ዙሪያ የሚሽከረከሩ ናቸው። አንደኛው በአንድ ተራ (ፈረቃ) ላይ ስንት ነርስ መኖር እንዳለበት ሲሆን፣ ሁለተኛው ከእነዚያ ነርሶች መካከል ማን ምን እንዲሠራ እንደሚፈቀድለት ነው። ሁለቱ ተነጣጥለው ሲጠየቁ መልሱ ይሳሳታል፤ ስለዚህ ከዚህ በታች ያሉት መልሶች ሁለቱን አያይዘው ለማየት ይሞክራሉ።

ፕራክቲካል ነርስ የሚባለው ማን ነው? በእኛ አገር ለእርሱ የሚቀርበው ባለሙያስ የትኛው ነው?

በአሜሪካና በካናዳ ፕራክቲካል ነርስ የሚባለው፣ ሙሉ ሥልጠና ካላቸው ነርሶች ያነሰ ጊዜ ተምሮና የራሱን የሙያ ፈቃድ ፈተና አልፎ፣ በተለይ በአሜሪካ በሌላ ነርስ ወይም በሐኪም አመራር ሥር የሚሠራ ባለሙያ ነው። በአሜሪካ ሥልጠናው አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓመት ገደማ ይወስዳል። በካናዳዋ ኦንታሪዮ ግዛት ግን ከ2005 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሁለት ዓመት ዲፕሎማ ሆኗል፤ በዚያው ዓመት ለሌሎቹ ነርሶች የአራት ዓመት ዲግሪ መግቢያ መስፈርት ተደርጓል።

በኢትዮጵያ በዚህ ስም የሚታወቅ የሥራ መደብ የለም። የሚቀርበው በቴክኒክና ሙያ ሥልጠና ሥርዓት በደረጃ 4 የሚመረቀው፣ ሕዝቡም መሥሪያ ቤቶችም ዲፕሎማ ነርስ የሚሉት ባለሙያ ነው። ሆኖም ሁለቱን አንድ አድርጎ ማየት አይገባም። ለረጅም ጊዜ የእኛ ዲፕሎማ ነርስ ከ10ኛ ክፍል በኋላ ሦስት ዓመት ተምሮ፣ ሲኦሲ የሚባለውን የብቃት ምዘና አልፎ ሥራ የሚጀምር ሲሆን፣ በብዙ ጤና ጣቢያዎች ከበላዩ የሚመራው ሌላ ነርስ ሳይኖር ብቻውን ሲሠራ የኖረ ነው። ከእርሱ በፊት የነበሩት ጤና ረዳትና ድሬሰር ከውጭዎቹ ፕራክቲካል ነርሶች ጋር ይበልጥ ይመሳሰሉ ነበር ማለት ይቻላል።

አንድ ነርስ በአንድ ጊዜ ስንት ታካሚ መያዝ አለበት?

ለሁሉም ክፍል የሚሠራ አንድ ቁጥር የለም። በጽኑ ሕሙማን ክፍል በመተንፈሻ መሣሪያ የሚረዳ ሰው ነርሱ ዞር ቢልለት በደቂቃዎች ውስጥ ሕይወቱ ሊያልፍ ይችላል፤ ነገ ወደ ቤቱ የሚሄድ፣ ቁስሉ የደረቀ ሰው ደግሞ በቀን ጥቂት ጊዜ ቢታይ ይበቃዋል። ቁጥሩ የሚወሰነው በሕመሙ ክብደት፣ በሚሰጠው መድኃኒት ብዛትና በየስንት ሰዓቱ ልኬት እንደሚያስፈልገው ነው።

ቁጥሩን በሕግ የወሰኑ ቦታዎች ግን አሉ። የአሜሪካዋ ካሊፎርኒያ ግዛት በ1999 እ.ኤ.አ. ያወጣችው ሕግ ከ2004 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለ ሲሆን፣ በጽኑ ሕሙማን ክፍል ለአንድ ነርስ ከሁለት ታካሚ፣ በድንገተኛ ክፍል ከአራት፣ በውስጥ ደዌና በቀዶ ሕክምና ዋርዶች ከአምስት እንዳይበልጥ ያዛል። የአውስትራሊያዋ ቪክቶሪያ ግዛት በትልልቅ ሆስፒታሎቿ ጠዋትና ከሰዓት በኋላ ለአራት ታካሚ አንድ ነርስ፣ ሌሊት ለስምንት አንድ የሚለውን ደንብ በ2015 እ.ኤ.አ. በሕግ አጽንታዋለች። በካሊፎርኒያ ሕግ ላይ ለርዕሳችን የሚጠቅም ሌላ ነጥብ አለ፦ ፕራክቲካል ነርሶች በቁጥሩ ውስጥ እንዲገቡ ይፈቅዳል፣ ነገር ግን በአንድ ክፍል ከተመደቡት ነርሶች ከግማሽ በላይ እነርሱ እንዳይሆኑ ይከለክላል። ሕግ አውጪዎቹ ብዛቱን ብቻ ቢወስኑ ሆስፒታሎች በርካሽ እጅ ሊሞሉት እንደሚችሉ አስቀድመው ገብቷቸዋል።

እነዚህን ቁጥሮች እንዳሉ ወስዶ በሐረር ወይም በድሬዳዋ ዋርድ ላይ መለጠፍ ግን አያስኬድም። በእነዚያ ሆስፒታሎች መድኃኒቱን ከፋርማሲ የሚያመጣ፣ ናሙናውን ላቦራቶሪ የሚያደርስ፣ አልጋውን የሚገፋ ሌላ ሠራተኛ አለ። የእኛ ነርስ ኦክስጅን ሲሊንደር ፍለጋ ከዋርድ ወደ ዋርድ የሚዞር፣ የጎደለ ካኑላ (በደም ሥር መድኃኒት የሚሰጥበት ቀጭን ቱቦ) ለመጠየቅ ስቶር የሚወርድ፣ የኢንሹራንስ ወረቀት የሚሞላም ነው። ስለዚህ ለስድስት ታካሚ አንድ ነርስ የተመደበበት የእኛ ዋርድ በጥቅሉ ሲታይ ለዘጠኝ ወይም ለአሥር አንድ የተመደበበትን ያህል ሊጣበብ ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት የሥራ ጫናን መሠረት ያደረገ የሰው ኃይል ስሌት ያዘጋጀው በዚሁ ምክንያት ነው፤ ስሌቱ የሚጀምረው ከአልጋ ቁጥር ሳይሆን በክፍሉ ውስጥ በእውነት ከሚሠራው ሥራና ሥራው ከሚወስደው ጊዜ ነው።

ለከተማው ሕዝብ በጠቅላላውስ ስንት ባለሙያ ያስፈልጋል?

የዓለም ጤና ድርጅት በ2016 እ.ኤ.አ. ያስቀመጠው መመዘኛ ለ1,000 ሰው 4.45 ሐኪሞች፣ ነርሶችና አዋላጆች በድምሩ ይኑሩ የሚል ነው። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብና ቤት ቆጠራ የድሬዳዋ አስተዳደር ነዋሪ 341,834 ነበር። በዚያ በቆየ ቁጥር እንኳ ቢሰላ ወደ 1,520 የሚጠጋ ባለሙያ ይጠይቃል፤ ከዚያ ወዲህ ሕዝቡ ብዙ ጨምሯል። ይህ ስሌት አንድ ትልቅ ነገር ይዘነጋል፤ ድል ጮራ ሪፈራል ሆስፒታል የሚያክመው ድሬዳዋን ብቻ አይደለም፣ ከምሥራቅ ሐረርጌና ከሶማሌ ክልል ሲቲ ዞን የሚመጣውንም ጭምር ነው። በሐረርም በሐሮማያ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው የሕይወት ፋና ሆስፒታል አልጋዎች የሚሞሉት በክልሉ ነዋሪ ብቻ ሳይሆን ከሁለቱ ሐረርጌዎችና ከሶማሌ ክልል በሪፈር በሚመጡ ሰዎች ጭምር ነው። በነዋሪ ቁጥር ብቻ የሚመደብ በጀት ይህን እንግዳ አይቆጥረውም።

በመዝገብ ላይ ለዋርዱ 15 ወይም 20 ነርሶች ተመድበዋል ይባላል። ሌሊት ስንሄድ ለምን አንድ ወይም ሁለት ብቻ እናያለን?

ይህ ጥያቄ ብዙ ጊዜ በቁጣ የሚጠየቅ ነው። መልሱ ግን በአብዛኛው ተራ ሒሳብ ነው፤ ሒሳቡም ቢታወቅ ለነርሱም፣ ለአስተዳዳሪውም፣ ለቤተሰቡም ይጠቅማል።

አንድ ሳምንት 168 ሰዓት አለው። በመንግሥት መሥሪያ ቤት የአንድ ሠራተኛ መደበኛ የሥራ ጊዜ በሳምንት ከ39 ሰዓት አይበልጥም። አንድ የነርስ ቦታ ቀንም ሌሊትም፣ ቅዳሜና እሑድም ሳይለቀቅ እንዲያዝ ከተፈለገ 168ን ለ39 ስናካፍል 4.3 ሰው ያስፈልጋል ማለት ነው። ይህ ማንም ሳይታመም፣ ማንም ዕረፍት ሳይወጣ ነው። የዓመት ፈቃድ ከ20 የሥራ ቀን ይጀምራል፤ የወሊድ ፈቃድ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ነው፤ ሥልጠና፣ ሕመም፣ ለቅሶ አለ። ለዚህ ሁሉ 15 በመቶ ብቻ ብንተው እንኳ ቁጥሩ አምስት ይሆናል። በሌላ አነጋገር አንድ ነርስ ሁልጊዜ አልጋው አጠገብ እንዲገኝ አምስት ነርስ መቅጠር ያስፈልጋል።

ይህን 24 አልጋ ባለው ዋርድ ላይ እናውለው። ለስድስት ታካሚ አንድ ነርስ ቢባል በእያንዳንዱ ተራ አራት ነርስ፣ በጠቅላላው 20 ነርስ ይጠይቃል። እንግዲህ 15 ነርስ ያለው ዋርድ፣ ሁሉንም ተራ እኩል ቢያከፋፍል፣ በአንድ ጊዜ ሦስት ብቻ ያገኛል። ከእነዚህ ላይ የዋርዱ ኃላፊ ነርስ ስብሰባና ሪፖርት ስላለባት ስትቀነስ፣ ሌሎችም ለጊዜው ወደ ድንገተኛ ክፍል ሲዛወሩ፣ የቀኑ ተራ በሐኪሞች ራውንድ ምክንያት ብዙ ሰው ሲፈልግ፣ ሌሊቱ ይራቆታል። በአብዛኞቹ የመንግሥት ሆስፒታሎች ማታውና ሌሊቱ የሚሸፈነው በዱቲ ክፍያ (ከመደበኛ ሰዓት ውጭ ለሚሠራ ተረኛ በሚሰጥ ክፍያ) ስለሆነ፣ የዱቲ በጀት ሲያጥር መጀመሪያ የሚቀነሰው የሌሊቱ ተረኛ ነው።

በግል ሆስፒታሎች የሚሠራው በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ መሠረት በሳምንት እስከ 48 ሰዓት በመሆኑ ስሌቱ ትንሽ ይለያል፤ 168 ለ48 ሲካፈል 3.5 ይመጣል። የተጨመረው ሰዓት ግን የሚወጣው ከዚያው ነርስ ጉልበት ነው፤ ድካሙም መድኃኒት በሚለካበት እጅ ላይ ይታያል።

የነርስ ቁጥር ሲያንስ በሕመምተኛው ላይ በትክክል ምን ይደርሳል?

አንድ ሌሊት እንመልከት። አንድ ነርስ ብቻውን 30 ታካሚ ይዞ አድሯል፤ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ለሁሉም የሚሰጥ መርፌ አለ እንበል። መድኃኒቱን ለመበጥበጥ፣ ስሙን ከቻርቱ ጋር ለማመሳከር፣ ካኑላው መሥራቱን ለማየት፣ ሰጥቶም ለመመዝገብ ለአንድ ሰው 10 ደቂቃ ቢወስድ፣ ለ30 ሰው 300 ደቂቃ ማለትም አምስት ሰዓት ነው። የመጨረሻው ታካሚ የ6 ሰዓቱን መድኃኒት የሚያገኘው ሊነጋጋ ሲል፣ 11 ሰዓት ላይ ነው። በየስድስት ሰዓቱ የታዘዘ መድኃኒት ለእርሱ የሚቀጥለው መጠን ከአንድ ሰዓት በኋላ ይመጣል። በእነዚህ አምስት ሰዓታት ውስጥ የማንም የደም ግፊት አልተለካም፤ ትንፋሹ እየከበደ የሄደ ሰው ካለ ያየው የለም። ነርሱ ሰነፍ ስለሆነ የሆነ አንዳች ነገር እዚህ ውስጥ የለም።

ጥናቶችም የሚያሳዩት ይህንኑ ነው። በአሜሪካዋ ፔንሲልቬኒያ በ168 ሆስፒታሎች ተደርጎ በ2002 እ.ኤ.አ. የታተመው ጥናት፣ አንድ ነርስ በሚይዛቸው ላይ አንድ ታካሚ በተጨመረ ቁጥር ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸው ሰዎች በ30 ቀን ውስጥ የመሞታቸው ዕድል በ7 በመቶ ከፍ ብሎ እንደተገኘ ዘግቧል። ከ12 ዓመት በኋላ በዘጠኝ የአውሮፓ አገሮች የተደረገውም ተመሳሳይ ውጤት አግኝቶ፣ ሌላም ጨምሯል፤ በዲግሪ የተመረቁት ነርሶች ድርሻ በ10 በመቶ በጨመረ ቁጥር የሞት ዕድሉ በ7 በመቶ ዝቅ ብሎ ታይቷል። ጥናቶቹ የተደረጉት በሀብታም አገሮች ነው፤ የሚያሳዩትም ሁለት ነገሮች አብረው መሄዳቸውን እንጂ አንዱ ሌላውን ማምጣቱን በማያሻማ ሁኔታ አይደለም። ነገር ግን ከላይ ያለውን የሌሊት ሒሳብ ለሠራ ሰው ምክንያቱ ሩቅ አይሆንበትም።

አስታማሚ አብሮ ስላለ የነርስ እጥረቱ አይቃለልም ወይ?

አስታማሚ የባህላችን ትልቅ ሀብት ነው። ሕመምተኛን ብቻውን ጥሎ የሚሄድ ቤተሰብ በእኛ ዘንድ ይወገዛል፤ ከጉርሱም ወይም ከሽኒሌ የመጣ ሰው ያለ አስታማሚ ሆስፒታል ውስጥ ምን ሊሆን እንደሚችል መገመት አያስቸግርም። አስታማሚው ያጥባል፣ ያጎርሳል፣ ያገላብጣል፣ ሽንት ቤት ያደርሳል፣ መድኃኒት ከውጭ ገዝቶ ያመጣል፣ ግሉኮሱ ሲያልቅ ሮጦ ይጠራል።

ሆኖም በእኔ እምነት የነርስ እጥረቱን ለዓመታት ከዓይን የሰወረው አንዱ ነገር ይኸው ነው። የገላ ንጽሕና፣ ምግብ፣ አስተኛኘት የነርስ ሥራ አካል ናቸው፤ ነርሷ ሕመምተኛውን ስታገላብጥ ጀርባው መቅላት መጀመሩን ታያለች፣ ስታበላው ትንታ እንደሚይዘው ትረዳለች። ይህ ሥራ ጠቅልሎ ወደ አስታማሚው ሲተላለፍ ማንም የማይመዘግበው፣ ማንም የማይከፍልበት፣ በማንም የሰው ኃይል ዕቅድ ውስጥ የማይገባ ሥራ ይሆናል። ከዚያ በኋላ በሥራ ጫናው ሲሰላ ዋርዱ ከእውነቱ ያነሰ ሥራ ያለው ይመስላል፣ ቅጥሩም በዚያው ልክ ይቀራል።

ድንበሩ ግልጽ መሆን አለበት። አስታማሚ ግሉኮስ የሚወርድበትን ፍጥነት ማስተካከል፣ ኦክስጅን ከፍ ዝቅ ማድረግ፣ በአፍንጫ በገባ ቱቦ ምግብ መስጠት፣ የቁስል መሸፈኛ መፍታት የለበትም፤ ቱቦውን ነርሱ አስተምሮትና አጠገቡ ቆሞ ካየው በስተቀር። ምንም ያልተማረች እኅት የወንድሟን ኦክስጅን እንድትጠብቅ ከተተወች ጥፋቱ የእርሷ አይደለም። ሌላው ሊታሰብበት የሚገባው አስታማሚ የሌለው ሰው ነው፤ በመንገድ ላይ ወድቆ የተነሣ፣ ከሩቅ ብቻውን የመጣ የቀን ሠራተኛ ነርስ ባነሰበት ዋርድ ውስጥ ከሁሉም በፊት የሚረሳው እርሱ ነው።

ዲፕሎማ ነርስና ዲግሪ ያለው ነርስ በሥራቸው ይለያያሉ?

በሥራ መዘርዝር ላይ ይለያያሉ። የዲፕሎማ ነርስ ዋና ድርሻ ሙቀት፣ ትንፋሽ፣ የልብ ምትና ደም ግፊት መለካት፣ የታዘዘውን መድኃኒት መስጠት፣ ቁስል ማጠብ፣ ካኑላና የሽንት ቱቦ ማስገባት፣ የታየውን ለውጥ ማሳወቅና መመዝገብ ነው። ዲግሪ ያለው ነርስ በዚህ ላይ የታካሚውን ችግር ለይቶ የእንክብካቤ ዕቅድ ማውጣት፣ ውስብስብ ታካሚዎችን መያዝ፣ ሌሎችን መምራትና ማሠልጠን ይጠበቅበታል።

በተግባር ግን ብዙ ቦታ ሁለቱ ያው አንድ ዓይነት ሥራ ይሠራሉ፤ አልጋ ከ1 እስከ 12 ለአንዱ፣ ከ13 እስከ 24 ለሌላው ተብሎ ይከፈላል። ይህ ለሁለቱም በደል ነው። ዲፕሎማ ያላት ነርስ ከሠለጠነችበት በላይ የሆነ ታካሚ ይዛ በደመወዝ ግን ታንሳለች፤ ዲግሪ ያለው ነርስ ደግሞ አራት ዓመት የተማረውን ሳይጠቀምበት ዓመታት ያልፋሉ። የሚሻለው አከፋፈል በአልጋ ቁጥር ሳይሆን በታካሚው ሁኔታ ነው፤ ዛሬ ከቀዶ ሕክምና የወጣው፣ ደም እየወሰደ ያለው፣ ስኳሩ ያልተረጋጋው ለልምድና ለሥልጠና ባለቤቱ ይሰጥ፤ የተረጋጋው ለሌላው ይሁን፤ የታካሚው ሁኔታ ሲለወጥ ደግሞ በርክክብ ሰዓት ምድቡም ይለወጥ። ለዚህ ተጨማሪ በጀት አያስፈልግም፤ የኃላፊ ነርሷ የጠዋት 15 ደቂቃ ይበቃል።

ልምድ የሚለው ቃል እዚህ ላይ ያለ ምክንያት አልገባም። ዲግሪውን የያዘ አዲስ ምሩቅ፣ 20 ዓመት ድንገተኛ ክፍል ከሠራች ዲፕሎማ ነርስ በላይ አደጋን ፈጥኖ ያያል ብሎ የሚከራከር በዋርድ ውስጥ የሠራ ሰው አላጋጠመኝም።

የዲፕሎማ ነርስ የሥራ ድርሻ እየተለወጠ ነው የሚባለው እንዴት ነው?

በሁለት አቅጣጫ እየተጎተተ ነው። በአንድ በኩል ሰፍቷል። በ1990ዎቹ መጨረሻ የፀረ ኤችአይቪ ሕክምና ወደ ጤና ጣቢያ ሲወርድ ሐኪም በሌለበት መድኃኒቱን የሚያስጀምሩትና የሚከታተሉት ነርሶችና ጤና መኮንኖች እንዲሆኑ ተደረገ፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በሕይወት የቆዩት በዚህ ውሳኔ ነው። የደም ግፊትና የስኳር ክትትልም ወደ ጤና ጣቢያ በተላለፈ መጠን የነርሱ ሥራ ከመርፌ መውጋት አልፎ ወደ ምክርና ክትትል ሄዷል።

በሌላ በኩል ከሥርም ከላይም ሌላ ባለሙያ ተጠግቶታል። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ክትባትንና የቤተሰብ ዕቅድን የመሳሰሉትን ወደ ቀበሌ ሲያወርድ፣ ሠራተኞቹም በኋላ ወደ ደረጃ 4 እንዲያድጉ ሲደረግ፣ ዲፕሎማ ነርሱ ብቻውን ይዞት የነበረው ሥራ ከሌላ ባለሙያ ጋር የሚጋራው ሆነ። ከላይ ደግሞ ሆስፒታሎች ለአዲስ ቅጥር ዲግሪ መጠየቅ በማብዛታቸው በርካታ ዲፕሎማ ነርሶች ማታና ቅዳሜ እየተማሩ ለማሻሻል ተገደዋል።

እንግዲያው ዲፕሎማው ቀርቶ ነርስ ሁሉ በዲግሪ ቢሆን አይሻልም?

ከላይ የተጠቀሱት ጥናቶች የዲግሪውን ወገን ያግዛሉ። የብሪታንያ ታሪክ ግን ያስጠነቅቃል። በዚያ አገር በ1943 እ.ኤ.አ. በሕግ የታወቀ፣ ሁለት ዓመት የሚሠለጥን ሁለተኛ ደረጃ ነርስ ነበር። በ1980ዎቹ መጨረሻ የነርስ ትምህርት ወደ ከፍተኛ ትምህርት ሲሸጋገር ይህ ሥልጠና እንዲቀር ተደረገ። ሥራው ግን አልቀረም፤ ፈቃድም ምዝገባም የሌላቸው ረዳቶች ተረከቡት። ከሠላሳ ዓመት ገደማ በኋላ፣ በ2019 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ፣ እንግሊዝ ሁለት ዓመት የሚሠለጥን አዲስ መካከለኛ ባለሙያ በነርሶች መዝገብ ላይ ማስፈር ጀመረች። አንድን ደረጃ መሰረዝ ያን ሥራ የሚሠራውን ሰው ያለ ሕግ መተው ሊሆን እንደሚችል ከዚህ በላይ የሚያሳይ ምሳሌ ማግኘት ከባድ ነው።

ስለዚህ የእኔ አስተያየት ዲፕሎማ ነርሱ ይቆይ፣ ነገር ግን በዲግሪው ነርስ ምትክ ሳይሆን ከጎኑ ይቆጠር የሚል ነው። በአውሮፓ የተደረገ ሌላ ጥናት በ2016 እ.ኤ.አ. እንዳሳየው በዋርዱ ካሉት የእንክብካቤ ሠራተኞች መካከል የሠለጠኑ ነርሶች ድርሻ በ10 በመቶ ነጥብ ሲቀንስ የሞት ዕድሉ በ11 በመቶ ከፍ ብሏል። ይህ የሚነግረን ምትክ ማድረግ ያለውን ዋጋ ነው።

በኮሌጆች የሚመረቀው ነርስ ብዙ ነው፤ ሥራ የሌላቸውም አሉ። ታዲያ እጥረት እንዴት ይባላል?

ሁለቱም እውነት ናቸው። እጥረቱ የምሩቅ ሳይሆን የመደብና የደመወዝ በጀት ነው። ሆስፒታሉ 20 ነርስ ቢያስፈልገው 12 መደብ ብቻ ከተፈቀደለት፣ ከግቢው ውጭ 50 ምሩቅ ቢሰለፍም መቅጠር አይችልም። የተቀጠሩትም ሁሉ አይቆዩም፤ ወደ ዐረብ አገሮች፣ ወደ ግል ክሊኒክ፣ ከሙያው ውጭ ወደ ንግድ የሚሄዱ አሉ። በግንቦት 2017 ዓ.ም. በአገሪቱ በብዙ ቦታዎች የጤና ባለሙያዎች ያነሡት የደመወዝና የጥቅማ ጥቅም ጥያቄ ከዚህ ጋር በቀጥታ የተያያዘ ነው።

ወረርሽኝ ሲመጣ የነርስ ምደባው ምን ይሆናል?

ድሬዳዋ ይህን ጥያቄ ከብዙ ከተሞች በላይ ታውቀዋለች። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ ደቻቱ ሞልቶ ብዙ ሕይወት ያጠፋበት ሌሊት፣ በ2006 ዓ.ም. መጀመሪያ የታየው የደንጊ ትኩሳት፣ በ2011 ዓ.ም. መጨረሻ ከተማውን ያዳረሰው ቺኩንጉንያ፣ በ2014 ዓ.ም. በከተማ ውስጥ በምትራባው አዲሷ የወባ ትንኝ ሳቢያ የተነሣው ወባ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ብዙ ሰው ወደ ጤና ተቋም አምጥተዋል። በእነዚህ ጊዜያት ነርሱም ይታመማል፤ ቺኩንጉንያ መገጣጠሚያውን የያዘው ነርስ ለሳምንታት በእግሩ ለመቆም ይቸገራል። ስለዚህ የታካሚው ቁጥር በሚያድግበት በዚያው ሳምንት የነርሱ ቁጥር ይቀንሳል።

በደንጊ በተለይ አደገኛው ጊዜ ትኩሳቱ ሲበርድ የሚጀምር መሆኑን ማወቅ ለምደባው ወሳኝ ነው። ቤተሰቡ ዳነ ብሎ ሲደሰት፣ ከደም ሥር ፈሳሽ መውጣት ይጀምርና የደም ግፊቱ ይወርዳል። በየሰዓቱ የሚለካ ሰው ከሌለ አይታወቅም። ልኬቱን ዲፕሎማ ነርስም ሆነ የነርስ ተማሪ በአግባቡ ሊሠራው ይችላል፤ ቁጥሩን አይቶ የግሉኮሱ መጠን እንዲለወጥ የሚያስደርግ ልምድ ያለው ነርስ ግን በየክፍሉ ቢያንስ አንድ መኖር አለበት። የከተማው የወረርሽኝ ጊዜ ዕቅድ የአልጋና የመድኃኒት ዝርዝር ብቻ ከያዘ፣ ከየትኛው ጤና ጣቢያ ማን ወደ የትኛው ሆስፒታል እንደሚዛወር በስም ካልጻፈ ጎዶሎ ነው።

ነርሱ የታካሚውን ቋንቋ አለመቻሉ ከቁጥሩ ጋር ይገናኛል?

ይገናኛል። በአንድ ዋርድ ውስጥ አፋን ኦሮሞ፣ ሶማሊኛ፣ አማርኛና ሐረሪ በሚነገርባቸው በእነዚህ ከተሞች፣ በተራው ላይ ያሉት ሁለቱም ነርሶች ሶማሊኛ የማይሰሙ ከሆነ ለሶማሊኛ ተናጋሪዋ እናት ያ ዋርድ ነርስ የለውም ማለት ይቻላል። ተራ የምታወጣው ኃላፊ ነርስ ከሥልጠና ደረጃ ቀጥላ ልታየው የሚገባ ነገር ነው።

ዲፕሎማ ነርስ ሙያውን ለማሳደግ ምን መንገድ አለው?

ሲኦሲ ያለፈና የሙያ ፈቃድ ያለው ነርስ የመግቢያ መስፈርቱን አሟልቶ በዲግሪ መቀጠል ይችላል፤ የሐሮማያ ዩኒቨርሲቲ የጤናና ሕክምና ሳይንስ ኮሌጅ በሐረር፣ የድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲም በከተማው ይገኛሉ። በግል ኮሌጅ ለመማር ያሰበ ሰው ከመክፈሉ በፊት የኮሌጁ ዕውቅና ለዚያው የትምህርት ዘርፍና ለዚያው ካምፓስ የተሰጠና ጊዜው ያላለፈ መሆኑን ያረጋግጥ። በጤና ዘርፍ በዲግሪ የሚመረቁ ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ አገር አቀፍ የሙያ ፈቃድ ፈተና መውሰድ ስላለባቸው፣ ዕውቅና ከሌለው ቦታ የተገኘ ወረቀት ፈተናው ደጃፍ ላይ ይቀራል። ለፈቃድ እድሳት የሚያገለግለውን ተከታታይ የሙያ ማጎልበቻ ሥልጠና የወሰደበትን ማስረጃም በየዓመቱ ቢያስቀምጥ በኋላ ከመሯሯጥ ይድናል።

ቤተሰብ ዘመዱን ሲያስተኛ ስለ ነርስ ምን መጠየቅ ይችላል?

መጀመሪያ በዚህ ተራ ላይ ለታካሚው የተመደበው ነርስ ማን እንደሆነ ይጠይቅ። እኛ ነጭ ጋውን የለበሰውን ወንድ ሁሉ ዶክተር፣ ሴቷን ሁሉ ሲስተር ማለት ስለለመድን ማን ኃላፊነት እንዳለበት ሳናውቅ እንወጣለን፤ ባጅ ላይ ያለውን ስምና ሙያ ማንበብ ነውር አይደለም። ሁለተኛ፣ ተራው የሚለወጠው በስንት ሰዓት እንደሆነ ይወቅ፤ ብዙ ነገር የሚረሳው በርክክብ ሰዓት ነው፣ ስለዚህ አስታማሚው በዚያ ሰዓት ሻይ ለመጠጣት ባይወጣ ይሻላል። ሦስተኛ፣ በሌሊት ሁኔታው ቢለወጥ ማንን፣ የት ሄዶ መጥራት እንዳለበት ገና በቀን ይጠይቅ። በመጨረሻም፣ ሌሊቱን ብቻውን ያደረውን ነርስ ቢቆጣ የሚያገኘው ነገር የለም፤ ቅሬታውን ለነርሲንግ አገልግሎት ኃላፊው በጽሑፍ ያቅርብ፤ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ በተራው ላይ የነበሩትን ነርሶች ቁጥርና የታካሚዎቹን ብዛት ይጻፍበት። ተጨማሪ መደብ የሚጠይቅ ኃላፊ ለበጀት ክፍሉ የሚያሳየው ማስረጃ ከእንዲህ ያለው ጽሑፍ የተሻለ እምብዛም አያገኝም።